ኳንተም ፊዚክስን በእርሳስ ማንበብ

የመጀመሪያውን መጽሐፍ የገዛሁት ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ልጅ ነው። ሽፋኑ ላይ ድመት አለች፤ ግማሽ ጎኗ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር። «ብራዘር፣ ይቺ ጭንቅላት ታዞራለች» አለኝ። አልዋሸም። ገጽ 63 ላይ አዞረችኝ። የባንክ ደረሰኝ ምልክት አድርጌባት ዘጋኋት። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ስትጠጣ ከረመች።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። የኩባንያ ሒሳብ ማለቴ ነው፤ ደረሰኝና ቫት። ፊዚክስ የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ያኔም ቢሆን ቀመር ሸምድጄ ፈተና ላይ መዘርገፍ ነበር ሥራዬ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ላላችሁ ነው። ኳንተም ፊዚክስ፣ የብርሃንና የጥቃቅን ቅንጣቶች ጠባይ ጥናት ማለት ነው፣ ይስባችኋል፣ መጽሐፍ ትገዛላችሁ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ትቀራላችሁ። እኔ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴ ወድቄያለሁ። በብዛት የማወራው ስለ ሦስተኛው ነው፤ ግን አወዳደቄም ሳይጠቅም አይቀርም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የወደቅኩት ከመጨረሻው ስለጀመርኩ ነው። ባለ ድመቷ መጽሐፍ ገና በመግቢያው ሞታም ያልሞተች ድመት፣ የትየለሌ ዓለማት፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ የሚገኝ ቅንጣት ታመጣለች። ሰዎቹ ለምን እንዲህ ዓይነት ነገር ለማሰብ እንደተገደዱ ግን አልነገረችኝም፤ ወይም ነግራኝ እኔ ዘልዬዋለሁ። ጥያቄውን ያልሰማ ሰው መልሱ ቢነበብለት ምን ይገባዋል?

ሁለተኛው አወዳደቄ ገንዘብም አስወጥቶኛል። ስለ ኳንተም አእምሮ የሁለት ቀን ሥልጠና የሚል ማስታወቂያ አየሁና ከፍዬ ገባሁ። አሠልጣኙ ማይክ ይዞ እየተንጎራደደ «ቅንጣት ስታየው ነው የሚሆነው፤ ይህ በሳይንስ ተረጋግጧል። ስለዚህ ሀብትህን አተኩረህ ካየኸው ይመጣል» አለን። አዳራሹ አጨበጨበ። ምን ይደበቃል፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። የመጣ ሀብት የለም። የሄደ ግን አለ፤ የመመዝገቢያው። ይህን ሰውዬ እንዴት ማረም እንደሚቻል የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ጊዜ የጀመረው በከሰል ነው።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ከሰል አቀጣጥላለች። እኔ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ይዤ ከአጠገቧ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያወራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በርሊን ውስጥ ስለሚለካ የጋለ ምድጃ ነው። አንድ ነገር ሲግል ምን ዓይነት ብርሃን፣ ምን ያህል ያወጣል? በቃ ይኸው ነው ጥያቄው። ቀና ብዬ ምድጃችንን አየሁ። ከሰሉ ገና ጥቁር ሳለ እጅ ሲጠጋ ይሞቃል። ቀጥሎ ደብዛዛ ቀይ ይሆናል። ባለቤቴ ስታራግበው ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ሰማያዊ ሆኖ የጋለ ከሰል ግን አይቼ አላውቅም። ለምን?

በዚያን ዘመን የነበረው ስሌት ለዚህ መልስ አልነበረውም። እንደ ስሌቱ ከሆነ ማንኛውም የጋለ ነገር ወደ ሐምራዊውና ከዚያም ወዲያ ወዳለው የማይታይ ጨረር በሄድን ቁጥር እየጨመረ፣ ማለቂያ የሌለው ብርሃን ማውጣት ነበረበት። ቡና አፍልቶ የሚተርፍ ሰው አይኖርም ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ፕላንክ በ1900 ያመጣው መፍትሔ እንዲህ ነው፤ ጉልበት የሚሰጠውም የሚወሰደውም በቁራሽ ነው። ኳንተም የሚሉትም ይህንኑ ቁራሽ ነው። የቁራሹ መጠን ደግሞ እንደ ቀለሙ ይለያያል። የቀይ ቁራሽ ትንሽ ነው፤ የሐምራዊ ትልቅ።

እኔ በዳቦ ነው ያሰብኩት። ዳቦ ቤቱ ሩብ አይሸጥም፤ ወይ ሙሉውን ትገዛለህ ወይ ባዶ እጅህን ትሄዳለህ። የከሰሉ ኪስ ቀዩን ዳቦ ለመግዛት ይበቃል። ሐምራዊው ውድ ነው፤ አይደርስበትም። ስለዚህ አይወጣም። ፕላንክ ራሱ ይህን ያደረገው ቢቸግረው፣ ተስፋ በመቁረጥ መሆኑን ኋላ ላይ ጽፏል። ይህን ሳነብ ሰውዬውን ወደድኩት። ወር መጨረሻ ላይ ሒሳብ አልዘጋ ሲለኝ የምሆነውን አውቀዋለሁ።

ቁራሹ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማወቅ መጠኑን የሚወስነውን የፕላንክን ቋሚ ቁጥር በእጄ ጻፍኩት። ከነጥብ በኋላ 33 ዜሮ ከደረደርኩ በኋላ ነው የመጀመሪያው 6 የመጣው። በዕለት ኑሯችን ጉልበት እንደ ውኃ የሚፈስ የሚመስለን ለዚህ ነው።

አልበርት አይንስታይን በ1905 አንድ እርምጃ ጨመረ። ብርሃን ራሱ በቁራሽ ነው የሚጓዘው አለ። የ1921 የኖቤል ሽልማት የተሰጠውም ብረት ላይ ብርሃን ሲያርፍ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚወጣ በዚህ መንገድ ስላብራራ ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ለአንጻራዊነት አይደለም። እዚህም ላይ ባለቤቴ ጥሩ ጥያቄ አመጣች። «እኔ ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር ብውል ፊቴ ይሞቃል እንጂ አይላጥም። ፀሐይ ግን በአንድ ቀን ትልጠኛለች። እሳቱ አይብስም?» መልሱ ቁራሹ ውስጥ ነው። ከከሰሉ የሚመጣው እልፍ አእላፍ ትንንሽ ቁራሽ ነው። ከፀሐይ የሚመጣው፣ ከሐምራዊ ወዲያ ያለው የማይታይ ጨረር ግን እያንዳንዱ ቁራሽ ብቻውን የቆዳን ሞለኪውል ለመጉዳት ይበቃል። መቶ ሕፃን ተራ በተራ ቢገፋው የማይከፈተውን በር አንድ ጎረምሳ በአንድ ግፊት ይከፍተዋል።

ያን ዕለት 20 ገጽ አላነበብኩም። ግን ከዚያ በፊት ካነበብኩት ሁሉ የበለጠ ገባኝ። የመጀመሪያው ምክሬም ከዚሁ የመጣ ነው፤ መጽሐፍ ስትመርጡ የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች ገለጥ ገለጥ አድርጉ። ስለ ጋለ ብረት፣ ስለ መስታወት፣ ስለ መብራት ቀለም የሚያወራ ከሆነ ግዙት። በትይዩ ዓለማት የሚጀምር ከሆነ ሌላ ጊዜ ትመለሱበታላችሁ።

ቀጥሎ የያዝኩት የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ስለ ብርሃንና ቁስ ለተራ አድማጭ የሰጣቸው አራት ንግግሮች የታተሙበትን፣ በ1985 የወጣ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ዋናው ጥያቄ መስታወት ነው። ማታ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነበር የማነበው። ቀና ስል መስኮቱ ላይ የራሴን ፊት አየሁ፤ በፊቴ ውስጥ ደግሞ ውጭ ያለው የሱቅ መብራት ያልፋል። ፊቴን ያየሁት ከፊቴ የሄደው ብርሃን ጥቂቱ ስለተመለሰ ነው። ከአንድ የመስታወት ገጽ በአማካይ ከ100 ቁራሽ ብርሃን 4ቱ ይመለሳሉ፣ 96ቱ ያልፋሉ። እዚህ ድረስ ምንም አይደል። ግን ቁራሾቹ አንድ ዓይነት ናቸው። የትኞቹ 4 እንደሚመለሱ የሚወስነው ማን ነው? ፊዚክስ የሚነግረን ዕድሉን ብቻ ነው። 4 ከ100።

ይብሳል። መስታወት ሁለት ገጽ አለው፤ የፊትና የኋላ። እንግዲህ 4 ሲደመር 4፣ 8 መመለስ አለበት ትላላችሁ። ሲለካ ግን እንደ መስታወቱ ውፍረት ከ0 እስከ 16 ይለዋወጣል። የኋላው ገጽ ሲጨመር ምንም የማይመለስበት ውፍረት አለ ማለት ነው! እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ አንድ ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።

ቤት ገብቼ የልጄን የሒሳብ ደብተር ተዋስኩ፤ ባለ ካሬውን። መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ ቀስት ሳል። ቀስቷ ብርሃኑ በተጓዘ ቁጥር እንደ ሰዓት ቆጣሪ ትዞራለች። የአንዷን ጅራት ከሌላዋ ጫፍ ጋር እያገጠምክ ቀጥላቸው። የመጨረሻዋን ቀስት ርዝመት በራሱ አባዛ፤ ዕድሉ እሱ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር አንድ ሙሉ ይሁን ብዬ ተነሳሁ። ለአንድ ገጽ 2 ሳንቲ ሜትር ቀስት፤ 0.2 በ0.2 ሲባዛ 0.04። ያው 4 ከመቶ ሆነ። ለሁለት ገጽ ሁለት ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ቀስት። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ቀጠልኳቸው፤ 4 ሳንቲ ሜትር። 0.4 በ0.4፣ 0.16። አሥራ ስድስት! ከዚያ ሁለተኛዋን ገለበጥኳት። ሄዳ መነሻው ላይ ተመለሰች። ዜሮ።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ሙሉው የኳንተም ፊዚክስ እዚያ ደብተር ላይ ነበር አልልም። ግን ዕድሎችን በቀጥታ አትደምርም፤ ቀስቶቹን ደምረህ ከዚያ ታባዛለህ የሚለው ነገር በእጄ ገባ። ክረምት ላይ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀስተ ደመና ሲሠራ፣ የሳሙና አረፋ ቀለም ሲለዋውጥ የምናየው ይህንኑ ነው፤ ውፍረቱ ሲለያይ አንዱ ቀለም 16 ሲደርሰው ሌላው 0 ይደርሰዋል እንደማለት ነው። እባካችሁ ይህን ሳትስሉ አትለፉ። ለተራ አንባቢ የሚጻፉ መጻሕፍት ቀመር ይሸሻሉ፤ ስቴፈን ሆኪንግ እንኳ በ1988 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ እያንዳንዱ ቀመር ሽያጩን በግማሽ ይቀንሰዋል እንደተባለና አንድ ቀመር ብቻ እንዳስገባ ጽፏል። ቀመሩ ሲወጣ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ምሳሌ ይገባበታል። ችግሩ እዚያ ጋ ይጀምራል።

አሁን ወደ እርሳሱ። የማነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ የማስበው በአማርኛ። ቃላቱ መሐል ላይ ይንሸራተታሉ። እንግሊዝኛው መታዘብ የሚለውን ቃል ሲጠቀም እኔ ውስጤ «ማየት» እያልኩ ነበር የምተረጉመው። ማየት ደግሞ ዓይን ይፈልጋል፣ ዓይን ሰው ይፈልጋል። የሥልጠናው ሰውዬ የገባው በዚችው ቀዳዳ ነው። ስለዚህ በየቦታው «መለካት» ብዬ ተካሁት። ልኬት መሣሪያ ይበቃዋል። ቅንጣት ሁለት ቀዳዳ ወዳለው መከለያ ሲላክ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም ባይኖር፣ በየትኛው በኩል እንዳለፈ የሚመዘግብ ነገር ካለ ከመከለያው ወዲያ የሚታየው ውጤት ይለወጣል። የማንም ምኞት አያስፈልገውም። እንዲሁም አንዱን የቅንጣት ባሕርይ ስፒን ሲሉት እንደ እንዝርት የሚሾር ኳስ አስቤ ስንት ቀን ተሳስቻለሁ። እንዝርቱን ከጭንቅላቴ ለማውጣት አሁንም እየታገልኩ ነው።

ከዚያ ኅዳጉ ላይ ፊደል መጻፍ ጀመርኩ። በላቦራቶሪ ተለክቶ የታየ ነገር ከሆነ «ሙ»፣ ሙከራ። ሒሳቡ የሚለው ከሆነ «ስ»፣ ስሌት። ደራሲው እንዲገባን ያመጣው ከሆነ «ም»፣ ምሳሌ። ከላይ ያለው የዳቦ ወሬዬም ም ነው። ሥራው እንዲህ ቀላል ነው፤ ግን መጽሐፉን ለወጠው። አንዳንድ ገጽ ሙሉውን ም ብቻ ሆኖ ይገኛል። እዚያ ላይ አለመረዳቴ የእኔ ድንቁርና እንዳልሆነ አወቅሁ።

አራተኛውን ፊደል የሰጠኝ አጎቴ ነው። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ቅኔ ተምሯል፣ ትርጓሜ ቤትም ትንሽ ቆይቷል። አንድ ቀን ሊጠይቀን መጥቶ ምን እንደማነብ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ሊቃውንቱ አልተስማሙም» አልኩት። «ሒሳቡ ላይ ሁሉም ይስማማል። ምን ማለት ነው ሲባል ግን ይለያያሉ። ከመለካቱ በፊት እንዲህ ነው ብሎ መናገር ትርጉም የለውም የሚሉ አሉ፤ የእነ ኒልስ ቦር ነው፣ የኮፐንሃገን ትርጓሜ የሚባለው። ዴቪድ ቦም በ1952፣ የለም፣ ቅንጣቱ ሁሌም ቦታ አለው፣ የሚመራው ሞገድ ነው አለ። ሂዩ ኤቨሬት ደግሞ በ1957 ሁሉም ውጤት ይሆናል፣ በተለያየ ቅርንጫፍ ነው እንጂ ብሎ ጻፈ።»

ነጠላውን አስተካከለ። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል አንተ ልጅ። ንባቡ አንድ ነው፤ አንድምታው ነው የበዛው። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ይባላል። ንባቡን ትተህ አንድምታ ላይ ከጀመርክ ግን መምህርህ ይገርፍሃል።»

«አ» ብዬ ጻፍኩ። አንድምታ። ከዚያ ወዲህ ትይዩ ዓለማት ሲመጡ አ ብዬ ምልክት አደርግና እየተዝናናሁ አነባለሁ። አላምንም፣ አልክድም። መገረፍ ይቅርልኝ።

ወደ ድመቷም ተመለስኩ። ደረሰኙ ገጽ 63 ላይ ነበር። ኤርቪን ሽሮዲንገር ድመቷን በ1935 ያመጣት እንዲህ ነው ሊል አልነበረም። ቅንጣት እስኪለካ ድረስ ሁለቱንም ነው የሚለው አስተሳሰብ እስከ ትልልቅ ነገር ከተጎተተ የት እንደሚያደርስ እዩት ብሎ ሊቃወም ነው ያመጣት። የመጽሐፉ ሽፋን ተቃውሞውን ማስታወቂያ አድርጎታል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ምሳሌው ክፉኛ አሳስቶኛል። ስለ ተቆራኙ ቅንጣቶች፣ ተራርቀውም ሲለኩ ውጤታቸው ስለሚያያዝ ጥንዶች፣ ሳነብ ነው። ብዙ ደራሲ ጥንድ ጓንት ወይም ጫማ ያመጣል። እኔም ገባኝ ብዬ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አስረዳሁት። «ሐዋሳ ሄደህ ሻንጣህን ስትከፍት ግራ ጫማ ብቻ ብታገኝ ቀኙ አዲስ አበባ እንደቀረ ወዲያው ታውቃለህ። ይኸው ነው።» እሱም «ታዲያ ይሄ ምኑ ይገርማል?» አለኝ። ልክ ነበር። ጫማው ከመጀመሪያውም ግራ ነው፤ የማላውቀው እኔ ነኝ። ጆን ቤል በ1964 ያሳየው ግን ቅንጣቶቹ እንደ ጫማው አስቀድሞ የተወሰነ መልስ ይዘው ከሆነና አንዱ ጋ የሚደረገው ሌላውን ወዲያው የማይነካ ከሆነ፣ በተለያየ አቅጣጫ ሲለኩ መመሳሰላቸው ሊያልፈው የማይችል ወሰን እንዳለ ነው። ተለካ። አለፈው። በ2022 አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ዛይሊንገር የኖቤል ሽልማት የተጋሩት በዚህ መስመር በሠሩት ሙከራ ነው። በዚህ መንገድ ከብርሃን የፈጠነ መልእክት መላክ ግን አይቻልም፤ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው የሚያየው የዘፈቀደ ውጤት ብቻ ነው። መጽሐፋችሁ ጫማውን አምጥቶ ቤል ጋ ሳይደርስ ካቆመ ሌላ መጽሐፍ ጨምሩበት።

እጃችሁን ማሠራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሌዘር ግዙ፤ ከቁልፍ መያዣ ጋር የሚሸጠውን ትንሹን ቀይ። አንድ ፀጉር ንቀሉና መውጫው ፊት ለፊት ወጥራችሁ ለጥፉ። ክፍሉን አጨልሙ። ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ርቃችሁ አብሩት። የማንንም ዓይን እንዳይነካ፤ ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ አይደለም የሚታየው፤ ወደ ጎን የተዘረጋ፣ በጨለማ ክፍተት የተቆራረጠ መስመር ነው። እኛ ቤት ክፍተቶቹ በአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይራራቁ ነበር። ከእሱ ተነስታችሁ የፀጉሩን ውፍረት ማስላት ትችላላችሁ፤ የእኛ ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር ወጣ። ልጄ የእናቷን ፀጉርም ካልለካን ብላ እንቅልፍ ነሳችን።

ይህ ብርሃን ሞገድ መሆኑን ነው የሚያሳየው፤ ለብቻው ኳንተም አይደለም። ኳንተም የሚሆነው ቅንጣቶቹ አንድ በአንድ ሲላኩ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ በ1989 ኤሌክትሮኖችን ሁለት መንገድ ባለው መሣሪያ አንድ በአንድ ልከው መዝግበዋል። መጀመሪያ የሚታየው እዚህም እዚያም የተበተነ ነጥብ ነው። ነጥቡ ሺዎች ሲሞላ መስመሮቹ ብቅ ይላሉ። ከዚህ ምስል ፊት ረጅም ጊዜ መቀመጥ ይቻላል።

ሌላው ትንንሽ ነገር ነው። በቀን ከአራት አምስት ገጽ በላይ አላነብም። ዝምታ ስፈልግ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ። ስሞቹ ሲምታቱብኝ በ1927 ብራስልስ የተደረገውን የፊዚክስ ሊቃውንት ጉባኤ ፎቶ አተምኩና መጽሐፉ ውስጥ አስገባሁት፤ 29 ሰዎች ናቸው፣ 17ቱ ወይ ያኔ ወይ ኋላ ኖቤል አግኝተዋል፣ ከሴት ማሪ ኩሪ ብቻ ናት። የመልክና የስም ዝምድና ሲኖር ታሪኩ ይያዛል። ሽፋኑ ላይ ጤና ወይም ሀብት የሚል ቃል ካለ ደግሞ መልሱት፤ እኔ አንዴ ከፍያለሁ፣ ለእናንተም ይበቃል።

የመስታወቱን መጽሐፍ በቅርቡ ለዚያው የጫማ ባልደረባዬ አዋስኩት። እርሳስም ሰጠሁት፤ ፊደሎቹንም አስረዳሁት። ከወር በኋላ ሲመልስልኝ ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። ሙ አለ፣ ስ አለ፣ ም አለ። ቀስቶቹ ያሉበት ምዕራፍ ላይ ግን በየገጹ «ው» የሚል የማላውቀው ፊደል አገኘሁ። ውሸት ማለቱ መስሎኝ ተናደድኩ፤ በዋናው ቦታ ላይ!

«ይሄ ው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ውኃ ነዋ» አለኝ። «እዚህ እዚህ ጋ ውኃ ጠጥቼ ነው የቀጠልኩት።»